የጎፍ ደን ውስጥ ያልነው «አሚን»

ሁለት ሰዓት ሙሉ የጠበቅናትን ወፍ ዛሬ በገዛ አፋችን አባረርናት!

ደኑ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የጎፍ ነው፤ ወፏ ሶሪት። ጠባቂው ጋሽ ሰይድ «ትንፍሽ እንዳትሉ!» ብለው ዛፍ ስር አስቀመጡን። ማስነጠሴን ስንቴ እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ መጥታ ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። ስልኬን ሳነሳ በመንገዱ የሚያልፉ አንድ አባት አዩንና እጃቸውን ዘርግተው «የለፋችሁለትን አላህ ያሳያችሁ!» አሉ።

የደሴ ልጅ ዱዓ ተደርጎለት ዝም ይላል እንዴ? ሁላችንም «አሚን!» አልን። ወፏ ብርር!

ከሁላችን በላይ «አሚን!» ብለው የጮሁት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ማፈር የለ፣ ምን የለ፤ «ቀይ ክንፏ የሚታየው ስትበር ነው፤ ይኸው ዱዓው ደረሰ!» አሉን።

ፎቶዬ ላይ ያለው ባዶ ቅርንጫፍ ነው። እናንተስ ዝም በሉ ተብላችሁ አልሆን ያላችሁ የት ነው?