ከወንዙ በታች ያለው ቦታ

ፋብሪካ እየተከሉ የሚወዳደሩበትን የሰሌዳ ጨዋታ ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ከተሞች፣ ሀዲድና አንድ ረጅም ወንዝ ተስለውበታል። አያታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከእኔና ከእህቴ ከዘሀራ ጋር ሊጫወቱ የተቀመጡት መጀመሪያ ቁማር አለመሆኑን አጣርተው ነው።

የመጀመሪያ ፋብሪካቸውን ሁልጊዜ የሚተክሉት ሀዲድ በማይደርስበት በወንዙ መጨረሻ ጥግ ነበር። ስለዚህም ሁልጊዜ ይሸነፋሉ። እኔ ደግሞ እናደዳለሁ።

«አባባ፣ እዚያ ምን አለና ነው?»

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ከታች እኔ አለሁ። ላይ ስትሠሩ አስባችሁ ሥሩ» ይሉናል እየሳቁ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዝ ዳር ሽንኩርት ያለሙ ሰው ናቸው። ከላይ ካለ ፋብሪካ የወረደ ቆሻሻ ውሃ ሽንኩርታቸውን ሲያደርቅባቸውም አይተዋል። እሱን አንስተው ግን ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ፋብሪካቸውን እዚያው ጥግ ያስቀምጣሉ፣ በቃ።

ካረፉ በኋላ ሰሌዳውን የዘረጋነው ባለፈው ዒድ ነው። ጥጉ ባዶውን ሲቀር ዓይኔን ከሱ ማንሳት አቃተኝ። ዘሀራ ለማሸነፍ ስትል ከማንም ጋር የምትጣላ ናት፤ ዘንድሮም የራሷን የሳሙና ማምረቻ ልትከፍት ሽር ጉድ እያለች ነው። ሀዲዱ ዳር ያለውን ጥሩ ቦታ ዝም ብላ አለፈችው። ፋብሪካዋን ጥጉ ላይ አስቀምጣ ቀና አለች።

«ከታች እኔ አለሁ» አለችኝ።

ከወንዙ ራስ ላይ የተከልኩትን የቆዳ ፋብሪካ መልሼ አነሳሁት።