አባባ ጥሩነህን ማን ቀበራቸው

ባለፈው ቅዳሜ በአባባ ጥሩነህ መቃብር ላይ የተሠራውን ጥቁር ሐውልት ለመመረቅ ተሰብስበን ሳለ፣ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ዝናብ የነካው የሱፍ ካፖርት ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ በስደት በኖርንበት በቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ አባባ ጥሩነህ ሳሎን ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

እናቴ የከሰዓት ሺፍት ስትገባ ከትምህርት ቤት ተቀብለው የሚያቆዩኝ ጎረቤታችን ነበሩ። የአፍሪካ መሪዎች መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ የስምምነቱን ቃል ካረቀቁት አንዱ እንደነበሩ እናቴ ብትነግረኝም፣ ለእኔ ግን ሊፍት ውስጥ ለሚገባው ሕፃን ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ የሚነሡ፣ እንቁላል መጥበስ እንኳን የማያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። ጥርሷ በወላለቀ የጽሕፈት መኪናቸው ለሕንጻው ስደተኛ ሁሉ የኢሚግሬሽን ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ በራቸው ላይ ተሰልፎ ያላስጻፈ አልነበረም።

የሞቱት የካቲት ውስጥ፣ መሬቱ እንደ ብረት በጠነከረበት ሰሞን ነው። ያኔ የከተማው ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩት ጋሽ ከበደ የንጉሡን ሹም አንቀብርም ብለው በየቤቱ ስልክ አስደወሉ፤ ያ ሁሉ ማመልከቻ ያስጻፈ ሰውም እሺ ብሎ ቤቱ ቀረ። የተገኘነው ቄሱ፣ እናቴ፣ እኔና የሕንጻው ጽዳት ሠራተኛ ከነሚስቱ ብቻ ነን። በሐውልት ፈንታ ቁጥር ያላት ቆርቆሮ ተተከለች። እናቴ በየሙት ዓመታቸው ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ትሄድ ነበር፤ ጉልበቷ ሲደክም አደራውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሁለቴ ሄጄ ተውኩት።

ቅዳሜ ዕለት ንግግር ያደረጉት እኚሁ ጋሽ ከበደ ናቸው። በመካከላችን ተከብረው የኖሩ አባት ናቸው አሉ፤ ሐውልቱ ላይም የአሠሪው ኮሚቴ ስም ከሟቹ ስም ገዝፎ ተቀርጿል። ደሜ ፈላ። እኔ አፌን ሳልከፍት ግን ዊልቸሯ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች።

"እኔ ቀብሬያቸዋለሁ። እርስዎ የዚያን ቀን የት ነበሩ?"

ጋሽ ከበደ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ፎቶ መነሣት ተጀመረ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጄ፣ አባባ ጥሩነህ ስለዚያ የአፍሪካ መሪዎች ስብሰባ ምን ያወሩ እንደነበር በእንግሊዝኛዋ ጠየቀችኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር፤ ቢሆንም ስለ ስብሰባው ከእሳቸው አፍ አንድም የሰማሁት ነገር የለም። አራት ዓመት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት አንድ ሶፋ ላይ ስንቀመጥ፣ እሳቸው አንዳንዴ "ያን ጊዜ እኮ..." ብለው ሲጀምሩ፣ እኔ ዓይኔን ከካርቱኑ ሳልነቅል የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደርገው ነበር።