ፍሬኑ ካልተላቀቀ ደንገጎን አንወርድም

ከሐረር የወጣነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ከአገሩ የሚወጣው በሌሊት ነው ሲባል ስለምሰማ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እኛ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በሞተር ሳይክል፣ ድሬዳዋ ሄደን ጥርስ እንድናስነቅል የተሰጠንን የይለፍ ወረቀት ይዘን ነው። የሁለታችንም ጥርስ ደህና ነበር።

ባለቤቴ ግርማ የሒሳብ መምህር ነበር። በዚያ ሳምንት ስሙ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሣ። በደርግ ጊዜ ስም ከተነሣ የስሙ ባለቤትም ብዙ አይቆይም። አውቶቡስ እንዳንይዝ፣ መናኸሪያው በር ላይ የስም ዝርዝር የያዘ የቀበሌያችን ሰው ይቆማል። የቀረን ቤንዚን ጠፍቶ ስምንት ወር ግቢ ውስጥ የቆመው ሞተር ነው። ቤንዚኑን እንደምንም አገኘን። የኋላ ጎማው ግን አልዞር አለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈላና በር አጠገብ የተከራየነው ግቢ የእማማ ፋጡማ ነበር። ረመዳን ሲቃረብ ግድግዳውን ሁሉ ኖራ ያስቀባሉ፤ ያን ዓመት ኖራው ሞተሩም ላይ ተረጨ። እኔም የባል ንብረት ነው ብዬ በባልዲ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩትና በጆንያ ሸፈንኩት። ውሃው ጎማው መሐል ገብቶ የፍሬኑን ሸራ ከብረቱ ጋር በዝገት አጣበቀው።

"ፍሬኑን አውልቀን ብንሄድስ?" አልኩት።

"ደንገጎን በምን እንወርዳለን፣ በጸሎት?" አለኝ።

ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይፈርድለታል። ጋራዥ ብንወስደው ደግሞ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይደርሳል። ስለዚህ ግርማ እዚያው ግቢ ውስጥ የፍሬኑን ማጥበቂያ አላላና ብረቱን ዙሪያውን ቀስ እያለ በመዶሻ ይመታ ጀመር። ቀስ ቢልም ይሰማል። የጁገል ግንብ ምሥጢር አይይዝም።

እማማ ፋጡማ ወጥተው አዩን። ሙቀጫቸውን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው በርበሬ መውቀጥ ጀመሩ። ግርማ ሲመታ ይወቅጣሉ፣ ሲያርፍ ያርፋሉ።

ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ።

"ምንድን ነው የሚቀጠቀጠው?"

"በርበሬ ነው" አሉ እማማ ፋጡማ።

"ብረት ብረት ይላል።"

"የዘንድሮ በርበሬ ወላሂ ደረቅ ነው።"

ወደ ሞተሩ ዞረ። "ጓድ መምህር፣ መንገድ አለ እንዴ?"

"ፍሬን ነው የምሠራው" አለ ግርማ። "ሰው ፍሬን የሚሠራው ለመቆም ነው።"

ጥበቃው "እሱስ እውነት ነው" ብሎ ወጣ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎማው ጓ ብሎ ተላቀቀ። ግርማ ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና መልሶ ገጠመው። የእማማ ፋጡማን እጅ ስስም "ጥርሳችሁን አሳክማችሁ በሰላም ተመለሱ፣ ኢንሻአላህ" አሉኝ። ስንብቱን ከወትሮው አላስረዘምኩም፤ ያስጠረጥራል።

ደንገጎ ላይ ፍሬኑ ያዘ። ሞተሩን ድሬዳዋ ለግርማ አጎት ትተን ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር ጅቡቲ ገባን።

ሐረር ሰው ጋቢ ደርቦ በሚቀመጥበት ሰዓት እዚህ ሰው እርጥብ አንሶላ ለብሶ ይተኛል። ዳቦው ረጅም ነው፣ ባጌት ይሉታል፤ ጠዋት ካልተበላ ከሰዓት እንጨት ነው። የስደተኞች መስኮት ላይ ያለው ሰው ስማችንን ሳይጠይቅ "ፓፒዬ?" አለን፣ ወረቀት ማለቱ ነው።

"የለንም" አለ ግርማ። "የሒሳብ መምህር ነኝ።"

"እንግዲያው ከፊትህ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠርና ነገ ተመለስ።"

ቆጠረ። በማግስቱ ሌላ ሰው መስኮቱ ላይ ነበር፤ እሱም አስቆጠረው።

በስድስተኛው ወር አንዲት ባልንጀራዬ በሰው እጅ ወረቀት ላከች። በእኛ የተነሣ እማማ ፋጡማ ቀበሌ ታስረው ነበር። ፖስታ ቤት ወረፋ ይዤ ግቢያቸው አጠገብ ወዳለው ሱቅ ደወልኩ፤ አስጠሩልኝ።

"እማማ፣ ታስረው ነበር አሉኝ።"

"ማን አለ? እንግድነት ሄጄ ነበር።"

"ስንት ቀን?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ጤና ነኝ። ግርማ ይበላል?"

"ይበላል።"

"አንቺስ ልጄ?"

"እኔም እበላለሁ" ስል መስመሩ ተቋረጠ። ይቅርታ የምትለውን ቃል ለመጨረሻ ብዬ አቆይቻት ነበር።