መብራት በመምጣቱ የደነገጥኩበት ማራቶን

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ዛሬም ድረስ በሬን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መንገድ ላይ ቆም ብዬ የማስበው በዚያ ቀን ምክንያት ስለሆነ ልጽፈው ወደድኩ።

አገሬ ሳውላ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ከመጣሁ ዓመታት አልፈዋል። የምኖረው ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር፣ እትዬ አስቴር ግቢ ተከራይቼ ነው። የተከራዮቹ ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር የተያያዙ ናቸው፤ ኮርኒሱም ማዳበሪያ ነው። ከግድግዳዬ ወዲያ የምትኖረው ብርቱካን በዚያ ሰሞን አራስ ነበረች።

ማራቶን ልሮጥ ነው ስል እናቴ "እሁድን ለሩጫ?" ብላ ተቆጥታ ነበር። በኋላ ግን "ከጸለይሽበት ይሁን" አለችኝ። ጸልዬበታለሁ፤ ልምምዱንም ዓመት ሙሉ ሠርቻለሁ።

በዕለቱ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ስቶቭ ላይ ሻይ ከመጣዴ መብራት ድርግም አለ። በስልኬ ብርሃን ለባበስኩ፤ ዳቦ በውኃ ቀማምሼ ተንበርክኬ ጸለይኩ። ጠንቃቃ ነኝ። ይጠፋብኛል ብዬ ስልኬን እቤት ተውኩት። መስኮቱን ሁለቴ አየሁ፣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ።

ግማሹን ያህል ደህና ሮጥኩ። ጦር ኃይሎች ስደርስ አንድ ሱቅ በር ላይ የቆመ ትልቅ ስፒከር ድንገት በዘፈን አንባረቀ። ዳር ቆመው የሚያዩን ሰዎች "መብራት መጣ!" ብለው አጨበጨቡ።

ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ስቶቩ ትዝ አለኝ።

ማንቆርቆሪያውን አውርጃለሁ። ማብሪያውን ግን መልሼ አጥፍቼዋለሁ? ባስብ ባስብ አልመጣልሽ አለኝ። እግሬ ይሮጣል፣ ልቤ ግቢያችን ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ኮርኒስ ታየኝ። ሕፃኑ ታየኝ። ልመለስ እንዳልል አስፋልቱ ለሩጫው ተዘግቷል፤ ታክሲ የለም።

ከጎኔ አንድ ቦርጫቸው ገፋ ያለ ጎልማሳ እያለከለኩ ይሮጣሉ። ስልካቸውን ክንዳቸው ላይ አስረዋል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስልክዎን ያስደውሉኝ?"

"ምነው? ደከመኝ፣ መጥተህ ውሰደኝ ልትይው ነው?" ብለው ሳቁ።

"ስቶቭ ሳላጠፋ ወጥቼ ነው። ጎረቤቴ አራስ ናት።"

ሳቃቸው ጠፋ። ቆሙ። "በይ ቁጥሩን ንገሪኝ።"

ያኔ ነው ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው። የእትዬ አስቴር ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነው። በቃሌ የማውቀው የእናቴን ብቻ ነው።

"እናትሽ የት ናቸው?"

"ሳውላ።"

"ሳውላ ሆነው ሊያጠፉልሽ?"

"ከአከራዬ ጋር ይደዋወላሉ፤ ስለ እኔ ሁልጊዜ ያወራሉ።"

ደወልን። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። እሁድ ነው፤ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት። እንደገና ደወልን። አንዱ ከዳር ሆኖ "ጋሽዬ፣ ቦርጭዎን እዚህ ያስቀምጡና ይሩጡ!" አላቸው። "ትጠብቅልኛለህ?" አሉት፣ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ።

እናቴ አነሳች። በሹክሹክታ "ማን ልበል?" አለች።

"እማ፣ እኔ ነኝ። ስቶቭ ሳላጠፋ ሳልወጣ አልቀረሁም። በሩ ተቆልፏል። ለእትዬ አስቴር ደውዪላቸው፣ ከቆጣሪው ያጥፉት!"

"አንቺ ደህና ነሽ ልጄ?"

"ደውዪ እማ!" እናቴ ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

መልሳ እስክትደውል ሁለታችንም በእግራችን መሄድ ጀመርን። "ጋሼ፣ ሩጫዎን አበላሸሁት" ስላቸው፣ "ኧረ እኔ የማርፍበት ሰበብ ነበር የምፈልገው" አሉኝ። እኔ ግን ከንፈሬ ደርቋል፤ ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ከማለት ሌላ ጸሎት ጠፍቶብኛል።

ስልኩ ጮኸ።

"አስቴር አጥፍታዋለች" አለች እናቴ። "በሩ ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸትቷታል። ሕፃኑ ደህና ነው፣ ተኝቷል። እዚህ ጉባኤው በሙሉ እየጸለየ ነው።"

"ለእኔ?"

"ለስቶቩ! በይ ሩጪ፤ ከጀመርሽ አይቀር ጨርሺው።"

ሰውየው ሳቃቸው ተመለሰ። "ሂጂ፣ ከኋላ እደርስብሻለሁ" አሉኝ። አልደረሱብኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሮጥኩት አላውቅም። ጠፍቷል ብባልም የትም ጭስ ባየሁ ቁጥር የእኛ ሰፈር እየመሰለኝ ነበር። ጨረስኩ፤ ሜዳሊያ አጠለቁልኝ። ማንንም ሳልጠብቅ ወደ ቤት በረርኩ።

እትዬ አስቴር ወንበር አውጥተው ቆጣሪው ሥር ተቀምጠዋል። "ማንም እንዳይነካው ብዬ ነው" አሉኝ። ተከራዩ ሁሉ ያለ መብራት እኔን ሲጠብቅ ውሏል።

በሩን ከፈትኩ። ማብሪያው እስከ መጨረሻው ዞሯል። በጨለማ ስለባበስ ልብስ የያዘ ፌስታል ስቶቩ ላይ ጥዬ ኖሯል፤ ግማሹ ቀልጦ ተጣብቋል። ያልቀለጠው ጫፉ መጋረጃው ላይ ተደግፏል።

ብርቱካን ልጇን ታቅፋ መጣች። ስቶቩን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ሩጫውን ጨረስሽ?" አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እኚያን ሰው ሳላመሰግናቸው ቀረሁ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። በጸሎቴ "ስልካቸውን የሰጡኝ ሰው" እላለሁ፤ ጌታ ያውቃቸዋል።

ሕፃኑ አሁን ድክ ድክ ይላል። በሬን ክፍት ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባል። ብድግ አድርጌ ሳቅፈው ልቤ በምስጋና ይሞላል፤ ወዲያው ግን አንገቴ ወደ ሶኬቱ ይዞራል።