ሲገባ እወቅ፣ ሲወጣ እወቅ

የወሰዱኝ ከክፍል ነው። ለሰባተኛ ክፍል ሳይንስ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ የግራውን ሳንባ ስዬ ጨርሼ ወደ ቀኙ ስሻገር ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ «መምህር፣ አንድ ጊዜ» አለኝ። ከኋላው ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። ጠመኔውን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ልጆቹ የምመለስ መስሏቸው ቁጭ ብለው ቀሩ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ወጥቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ስገባ አሥራ አንድ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የሁሉም ዓይን ቀልቶ እንባ ያቀርራል። ሁሉም ሲያለቅሱ ያገኘኋቸው መስሎኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «አይዞህ፣ ማዳበሪያው ነው» አለኝ አንዱ፣ ቦታ እየለቀቀልኝ። በሩ ላይ ጭንቅላት የምታህል ቀዳዳ ነበረች። በእሷ በኩል ግቢው፣ የግቢው በርና የዳሞታ ተራራ ግርጌ ይታያል።

ለምን እንደታሰርኩ አውቅ ነበር። ያን ዓመት ለልጆቻችን አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ መጥቶ ነበር፤ የእኛን ወላይትኛና የጎረቤት ሕዝቦችን ቋንቋ አንድ ላይ ቀይጦ የተጻፈ። ተማሪዎቼ አንብበው «ቲቸር፣ ይሄ የየት አገር ቋንቋ ነው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? እኔም አላውቀው! ከተማችን ሶዶ ውስጥ ያልተቆጣ ሰው አልነበረም። እኔና አንድ ጓደኛዬ ግን በመቆጣት ብቻ አልቀረንም። «ይህ መጽሐፍ ይነሣልን» የሚል ወረቀት አዘጋጀን፤ ቢሮ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ብለን በአማርኛ። የጻፈው እሱ ነው፣ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ።

ይህ ጓደኛዬ አረካ የሚያስተምር ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣ ቤቴ እንገናኝ ነበር። የምንገናኘው ለፖለቲካ አልነበረም። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተቀደደ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረን፤ ስለ ቡድሃ ትምህርትና ስለ ተመስጦ የሚያወራ። እኔ ጮክ ብዬ እተረጉማለሁ፣ እሱ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ደብተር ላይ ይጽፋል። ከዚያ ዓይናችንን ጨፍነን እንቀመጣለን። መጽሐፉ ትንፋሽህን አስተውል ይላል። ቀጥሎ፣ የሚያስተውለውን ሰውዬ ራሱን ፈልገው ይላል። ፈልገህ ስታጣው ያኔ የሚያየውና የሚታየው ሁለት እንዳልሆኑ ታውቃለህ። «ሁለት አይደለም» ይላል በየገጹ። እውነቱን ለመናገር አልገባንም። ጓደኛዬ «እኔ እስካሁን ያገኘሁት የወገብ ሕመም ነው» እያለ ይቀልዳል።

በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። አጠገቡ ቃል የሚጽፍ ፖሊስ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያ ደብተራችን አለ፤ ቤቴን ፈትሸው አግኝተውታል።

«የማን ነው?»

«የእኔ።»

ገለጠና እንደ ተማሪ ቀስ እያለ አነበበ። «ሲገባ እወቅ። ሲወጣ እወቅ። አትከተለው። አትከልክለው። እስከ አሥር ቁጠርና ወደ አንድ ተመለስ።» ቀና አለ። «ማነው የሚገባው?»

«ትንፋሽ።»

«ትንፋሽ የማን የሽፋን ስም ነው?»

ሌላ ቦታ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አማርኛችን ራሱ ጉድ አፈላብኝ፤ ትንፋሽም «ገባ» ይባላል፣ ሹምም ቢሮው ሲደርስ «ገባ» ይባላል። ሰውዬው የሹም መግቢያና መውጫ የምንሰልል መስሎታል።

«አሥሩስ እነማን ናቸው? ‹ወደ አንድ ተመለስ› ሲል፣ አንድ የምትሉት አለቃችሁን ነው?»

«ጌታዬ፣ የአተነፋፈስ ልምምድ ነው። የቡድሃ ትምህርት ነው።»

ጸሐፊው ብዕሩን አቆመ። «የምን አልክ?»

«የቡድሃ።»

ወንበሩን ትንሽ ከእኔ አራቀና ጻፈ። ፊደሉ ለእኔ ተገልብጦ ቢታየኝም አነበብኩት፦ «ተጠርጣሪው የቡዳ ትምህርት እንደሚማር አምኗል።»

«ቡዳም ሁን ጅብ፣ እኔን አያገባኝም» አለ መርማሪው። የለጠፍኩትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ከደብተሩ አጠገብ ዘረጋው። «ይሄ እጅና ይሄ እጅ አንድ ነው። የአንተ አይደለም፤ የአንተን አይቼዋለሁ፣ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። የዚህን ሰው ስም ስጠኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«አላውቀውም።»

«ግድ የለም። ሰው እጁን ጥሎ የትም አይሄድም። እሑድ ጠያቂ ይመጣል። የመጣ ሁሉ በሩ ላይ ስሙንና ዝምድናውን በራሱ እጅ መዝገብ ላይ ይጽፋል። እኔ ቁጭ ብዬ አነባለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ አልጽፍም። የግራ ጆሮዬ እስካሁን ያፏጫል።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ተረኛው ፖሊስ «ያ መምህር ቡዳ ነኝ ብሎ አመነ» ብሎ ነግሯቸዋል። ምሳ ሲቀርብ ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጠኝ። አንዱ ነጋዴ ሳህኑን በኮቱ ሸፍኖ «ወንድሜ፣ ዓይንህን ወደዚያ አድርግልኝ» አለኝ፣ በትሕትና። ተናደድኩም፣ አፈርኩም።

ከታሳሪዎቹ መካከል ከአረካ ገጠር የመጡ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። የታሰሩት የልጆቻቸውን መጽሐፍ ሰብስበው ትምህርት ቢሮ ጠረጴዛ ላይ በመቆለላቸው ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ «ሚስቴ መጣ፣ ቂጣ አመጣ» ይላሉ። ተነሥተው ፊቴ ቁጢጥ አሉ።

«መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ። ቡዳ ነህ ወይ?»

«ጋሼ፣ ቡድሃ ነው ያልኩት። ድሮ በሕንድ አገር የነበረ ሰው ነው።»

«ሞቷል?»

«ሞቷል።»

«አልተነሣም?»

«አልተነሣም።»

«ታዲያ ምን ይሠራልሃል?» ትንሽ አሰቡ። «ዓይንህን ጨፍነህ ስትቀመጥ አይቻለሁ። ለማን ነው?»

«ለማንም።»

«ለማንም!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ ከቡዳም ይብሳል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። የበቆሎ ቂጣቸውን ይዘው በወላይትኛ ረጅም ጸሎት አደረሱ፣ ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። «ብላ። ጌታ የባረከውን ዓይን አይነካውም።» ከዚያ በኋላ ሳህኑን የሸፈነብኝ አልነበረም።

ቅዳሜ ደረሰ። ፈርቼ ነበር። ጓደኛዬ ነገ እንደሚመጣ እንደ ስሜ አውቃለሁ፤ ሰው ታስሮ ቤቱ የሚቀመጥ ፍጥረት አይደለም። መልእክት የምልክበት መንገድ የለም። መጥቶ ብዕር ከያዘ አለቀለት። ልደብቀው አይገባም፣ ስሙ አፌ ላይ የደረሰበት ሰዓት ነበር። ነገ በራሱ እጅ መያዙ ላይቀር እኔ ጆሮዬን ለምን አስመታለሁ አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ትንፋሼን ልቆጥር ብዬ ከሦስት ማለፍ አቃተኝ። ፍርሃቱ እየመጣ ወደ አንድ ይመልሰኛል። እሺ፣ የሚፈራው ማነው? ብዬ ፈለግኩት። ሆዴ ውስጥ ፈለግኩ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ፈለግኩ። ዝናብ አገኘሁ። የማዳበሪያ ሽታ አገኘሁ። ፍርሃቱም አለ፣ የትም አልሄደም። መሐል ላይ ተቀምጦ የሚፈራ ሰው ግን አጣሁ። የሚዘንበው ይዘንባል፣ ፍርሃቱም አብሮ ይዘንባል፣ በቃ። ይህም ነጋዴው አንዴ ስሎ ሁለተኛ እስኪስል ያህል ቆየ። ወዲያው «ገባኝ!» አልኩ፤ እንዳልኩም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ግን ስሙ ወደ አፌ አልመጣም።

እሑድ ጠያቂዎች ገቡ። በቀዳዳዋ በተራ ነው የምናየው። የእኔ ተራ ሲደርስ ጠረጴዛው በሩ አጠገብ ተዘርግቷል፣ መዝገቡ ተገልጧል፣ ተረኛው ቆሟል። መርማሪው ዛፉ ሥር ወንበር ስቦ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። ጓደኛዬ ሰልፍ ላይ ነው። ቀዳዳዋ ላይ ፊቴን አየና ሳቀ። በጨርቅ የታሰረውን ምሳ ዕቃ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ።

«ያ ሰው እንዳይገባ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «የአባቴን መሬት የነጠቀኝ ሰው ነው! ሊመርዘኝ ነው የመጣው! አላውቀውም፣ አባርሩልኝ!»

ተረኛው ሳቀ። የመሬት ጠብ ለፖሊስ ምኑ አዲስ ነው? «ሂድ፣ ሂድ፣ አልፈልግም እያለህ ነው» ብሎ ገፋው። መርማሪው ቀና ብሎ አየው፣ መፋቂያውን ወደ ሌላው ጉንጩ አዞረ፣ ተወው። ጓደኛዬ ፊት ላይ ያለው ሳቅ ቶሎ አልወረደም። ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ቀልድ መሆኑን እንድነግረው። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ብብቱ ሥር ከትቶ ወጣ።

ሽማግሌው ከኋላዬ ሆነው በትከሻዬ በኩል አይተዋል። «ይሄን ሰው እኮ አውቀዋለሁ» አሉ። «የልጆቼ አስተማሪ ነው፤ ምሳ ይዞልህ የመጣ ጓደኛህ ነው። መምህር፣ ጴጥሮስም ይሄንኑ ነበር ያደረገው።»

ክፍሉ ውስጥ ጆሮ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ዘወር ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። «ጋሼ፣ እርስዎም አያውቁትም» አልኳቸው።

እኒህ ሰው በሕይወታቸው ዋሽተው እንደማያውቁ የሚያውቃቸው ሁሉ ይመሰክራል።

«እኔም አላውቀውም» አሉ ጮክ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ ግድግዳው ጋ ሄደው ተቀመጡ፣ ፊታቸውንም በእጃቸው ሸፈኑ።

ከአራት ወር በኋላ ያለ ክስ ፈቱኝ። መጽሐፉም ከየትምህርት ቤቱ ተነሣ። እኔን ሃላሌ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት አዛወሩኝ። ጓደኛዬ አልተያዘም፤ እኔን ግን ገበያ ላይ ሲያገኘኝ መንገድ ይሻገራል። መጀመሪያ ብነግረው የሚጎዳ መስሎኝ ዝም አልኩ። ቀጥሎ «እሱ መጥቶ አይጠይቀኝም ወይ?» የሚል ኩራት መጣ። ቀጥሎ ዝምታው ራሱ ለመደብን። ስድስት ዓመት ሄደ።

ሽማግሌው ሲያርፉ አረካ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ቦታ ሲሰጡኝ እሱ ያለበት አግዳሚ ላይ ሆነ። ያኔ እዚያው ነገርኩት፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ መዝገቡ፣ ዛፉ ሥር ስለተቀመጠው ሰው። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

«ስሜን እኮ አንተ ሳትጮህ ጽፌ ጨርሼ ነበር» አለኝ።

«ምን?»

«በወላይትኛ፣ በላቲን ፊደል። ያን ዓመት ስሜን በሌላ ፊደል አልጽፍም ብዬ ምዬ ነበር።»

ወረቀቱም ደብተሩም በአማርኛ ፊደል ነው የተጻፉት። መርማሪው ያን ላቲን ዓይኑ እስኪፈስ ቢያየው ከምን ሊያመሳስለው ነው? በከንቱ ነው የጮኽኩት። ሳቅ አመለጠኝ፤ ለቀስተኞቹ ዞረው ገላመጡኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያን ቀን ያመጣህልኝ ምን ነበር?» አልኩት።

«ጎደሬ በዳጣ። ሚስቴ በሌሊት ተነሥታ የቀቀለችው። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ብቻዬን ጨረስኩት» አለኝ። «መርዝ እንደሌለው ላረጋግጥ ብዬ።»

እስር ቤት ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩ። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም ምክንያቴን አልጠየቀኝም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። «ሁለት አይደለም» የሚለው ገብቶህ ያውቃል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሁለት ሳል መካከል ገብቶኝ ነበር። በማግስቱ እሱን ላድን ብዬ በራሴ አፍ ሁለት አደረግኩት። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ አሁንም እጮሃለሁ። ግን በተፈታሁ ዕለት አረካ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ።