ፕላዝማው የማይሰማው መልስ

የልጄ ታብሌት «ቬሪ ጉድ!» ሲላት አሶሳ፣ ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ቤት በበርታ ቋንቋ፣ ክፍል ውስጥ በአማርኛ እናወራ ነበር፤ የፕላዝማው ቴሌቪዥን የሚያስተምረን ግን በእንግሊዝኛ ነበር። በስክሪኑ የምትታየው መምህርት ትጠይቅና ትንሽ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ማንም ባይመልስም «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታልፋለች።

አንድ ቀን መልሱን ስላወቅሁት ብድግ ብዬ መለስኩላት። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ከጎጃም ተመድበው የመጡት ቲቸራችን ሥራቸው ፕላዝማውን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሆኖ ነበር። ሲደወል አጠፉትና ወደ እኔ መጡ።

«ልክ ነበርሽ። እኔ ሰምቼሻለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «እኔን ግን የሚጠይቀኝ እንኳ የለም» አሉ። ይህኛው ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ልጄ በትክክል ስትመልስ በሩ ላይ ቆሜ «እኔም ሰምቼሻለሁ» አልኳት።

«እማዬ፣ አትረብሺኝ» አለችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።