አባቴ ያጠፏት ማብሪያ

"እኔ ነኝ ያጠፋኋት" አሉኝ አባቴ ዛሬ ጠዋት፣ ከኮምፒውተሬ ጀርባ ያለችውን ማብሪያ በመቋሚያቸው ጫፍ እያሳዩኝ።

እቃውን ከደሴ ለቃቅሜ መካነ ሰላም ቤታችን ውስጥ በእጄ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር አልነሳ ካለ ሦስት ቀኑ ነው። የማስታወሻ ካርዱን፣ ራሙን፣ ደጋግሜ ነቅዬ መለስኩ። ዛሬ ደግሞ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ሳወጣ ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን እግሮች ሰበርኩ። የኮምፒውተሩን ጀርባ ማየት ግን ለእኔ ለሊቁ አልመጣልኝም።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። "በዚህ አገር እንደኔ የሚያውቅ የለም ስትል ሰማሁህ። እኛ ዘንድ የሚኩራራ ተማሪ እንዲህ ነው የሚገራው" አሉኝ።

"ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ እያዩኝ ዝም አሉ፣ አባባ?"

"ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

ማብሪያዋን መለሷትና "በል አሁን አስነሳው" አሉ። የተሰበረው ፕሮሰሰር መዳፌ ላይ ነበር።

እናንተንስ ቤተሰብ በምን ቀጥቶ አስተማራችሁ? ጻፉልኝ፤ እኔ ተምሬያለሁ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልተረፈም።